ተምች የወረደበት ሣር

ሶዶ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ሰፊ ሣር ነበር። እዚህ አገር ደጁ ላይ ሣር የሌለው ቤት ሰው የሚኖርበት አይመስልም፤ ለቅሶ ደራሹም ሠርገኛውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እማማ ወገባቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ አረሙን የምነቅለው እኔ ሆንኩ። ቅንጬ የሚሉት አረም ሽታው እጅ ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ ክንዴንም ሽፍ አድርጎ ያሳክከኛል። እሱንስ ለምጄው ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኬ ስነቅል፣ ጣቶቼ መሃል ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ፈረጠ። አረንጓዴ ውሃው እስከ እጄ አንጓ ወረደ። ሣሩን ገለጥ ባደርገው መሬቱ ይንቀሳቀሳል፤ ጀርባው የጠቆረ ትል እርስ በርሱ ተደራርቦ ይርመሰመሳል።

እማማ ወጥተው አዩና ተምች መሆኑን ነገሩኝ። መድኃኒት እንርጭበት ብላቸው፣ ጥጃዬ የሚግጠው ይህንኑ ነው ብለው እምቢ አሉ። ባልዲ አምጥተው መልቀም ጀመሩ፤ በባዶ እጃቸው፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው። እኔ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ተከተልኳቸው። ባልዲው ሲሞላ የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። የሰነበተ ጎመን የመሰለ ሽታ ተነሣ፤ አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለስኩ።

«ልጄ፣ ወደ ቤት ግቢ፣ ይበቃሻል» አሉኝ።

አፍሬ ቀረሁ።

ከሰዓት የጎረቤት ዶሮዎች ገብተው ጉሮሯቸው እስኪያብጥ ዋጡ። ያም ሆኖ ሲመሽ ትሉ ግድግዳውን ይዞ ክፍሌ ደረሰ፤ ጫማዬ ውስጥ አገኘሁት፣ ትራሴም ላይ። በማግስቱ ጎረቤታችን ዶሮዎቿ በመጥገባቸው አመስግና እንቁላል ይዛ መጣች። እማማ ጠብሰው አቀረቡልኝ። አስኳሉ ሳህኑ ላይ ሲፈስ እያየሁ ሆዴን አሞኛል አልኩ፤ ውሸትም አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ መሬቱ ተላጨ። ቆሞ የቀረው ቅንጬው ብቻ ነበር፤ እሱን ተምችም አልፈለገው። ነቅዬ ጨረስኩት። ከዳሞታ ተራራ በኩል ዝናቡ ሲወርድ ሰርዶው ከሥሩ አቆጠቆጠ፤ ውሎ አድሮም ከበፊቱ ይልቅ ወፍሮ ደጁን ሞላው።

አንድ ቀን ወደ ማታ እማማ ሣሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ነይ እንጂ፣ አረፍ በይ።»

ዱካ አምጥቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እግሬን ግን መሬት አላስነካሁም።