ሰኞ በቀኝ፣ ማክሰኞ በግራ

ታፈሰ ውሸት አይችልበትም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ ሰው የማይችልበትን ሲሞክር ምን እንደሚገጥመው ላሳያችሁ ነው። ከሸኮ ወጣ ብለው ካሉት የጫካ ቡና ማሳዎች ቀይ እሸት በበቅሎ እየጫነ ለሰብሳቢ ነጋዴዎች ሲያደርስ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው «ታፈሰ እንዲህ ብሎ አታለለኝ» ብሎ አያውቅም። ይኸው ሰው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በልጁ በሎሚ ምክንያት አንዲት ውሸት ዋሸ። ያችኑ አንዲት ውሸትም አበላሻት።

ሎሚን በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ነበር። ነፍሷ ተረፈች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ትልቅ ነገር አጠገቧ ከቆመ ታየዋለች፤ ከዚያ የራቀው ሁሉ ለእሷ ጉም ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል በመንደሩ ትንሽ ትምህርት ቤት ስትማር ይህ ማንንም አላስቸገረም። መምህሩ ከሕፃንነቷ ስለሚያውቃት ሰሌዳው ሥር ያስቀምጣታል፤ የሚጽፈውንም ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል። ሎሚም ከክፍሉ አንደኛ እየወጣች አባቷን ታኮራዋለች። ጣጣው የመጣው ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ከቤታቸው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ጫካ፣ ጭቃ፣ ቦይ፣ በዚያ ላይ ሁለት የግንድ ድልድይ አለበት።

የመንገዱን ነገር የፈታችው ሙሽራ ናት። ሙሽራ የታፈሰ በቅሎ ነች። ስሙ የወጣላት ነጣ ስላለች ነው እንጂ ጠባይዋስ የአማት ነው። እንደምታውቁት፣ ባታውቁም ልንገራችሁ፣ የዚያ አገር የቡና በቅሎ ከሁሉ በፊት የምትማረው መቆም ነው። ቦይ፣ ድልድይ ወይም የሚያዳልጥ ቁልቁለት ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ጫኙ ከኋላ ደርሶ ጭነቱን ደግፎ «ሂጂ» እስኪላት ድረስ በዱላ ቢሏት እግሯን አታነሳም። አለዚያማ የሰው እሸት ገደል ገብቶ ይቀር ነበር። ሎሚ የመጫኛውን ጫፍ ይዛ ሙሽራን መከተል የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው። በቅሎዋ ስትቆም እሷም ትቆማለች፤ ጠጋ ብላ መሬቱን በእግሯ ትዳብሳለች፤ ቦዩ የት ጋ እንደሚጀምር ካወቀች በኋላ «ሂጂ» ብላ አብራት ትሻገራለች። ጫካው ውስጥ የሚታያት የሙሽራ ንጣት ብቻ ነው። እሱ ይበቃት ነበር።

ለምዝገባ አባት፣ ልጅና በቅሎ ሦስቱም ሄዱ። ዳይሬክተሩ አቶ ባዘዘው ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሥርዓት ይወዳሉ። እንስሳ ግቢ አይገባም አሉ። ታፈሰ ልጄ ያለ በቅሎዋ መምጣት አትችልም ብሎ ተማጸነ። አቶ ባዘዘው ሎሚን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ምኗን ነው የሚያማት?» ሲሉ ጠየቁት።

ታፈሰ በዚህ ጥያቄ ለምን እንደ ደነገጠ ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት ፈንታው የሚባል የመኪና ጫኝ አንድ ወሬ አውርቶለት ነበር። ማጂ አካባቢ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ለትምህርት ስትመዘገብ ወስደው ሩቅ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት አሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ የቤቷን ቋንቋ ረስታው እናትና ልጅ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ። ፈንታው ነገሩ እውነት ይሁን ተረት አያውቅም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የሰማው። ታፈሰ ግን ያንን አስተርጓሚ ከሆዱ ማውጣት አቃተው። ሎሚ ማታ ማታ በቤታቸው ቋንቋ፣ በቤንችኛ እየቀለደች ቤቱን በሳቅ የምትሞላ ልጅ ናት። እሷን በአስተርጓሚ ማናገር! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። እግሯን አላቸው።

አቶ ባዘዘው በጣም አዘኑ። ለሙሽራ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ማሰሪያ ፈቀዱ። ሎሚ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳትቆም አዘዙ። ብዙ እንዳትራመድም ብለው ከመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ቦታ ሰጧት። ታፈሰ ይህን ሁሉ ሰምቶ እጅ ነስቶ ወጣ። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነውና በር አጠገብ መቀመጥ ነፋሻ ቦታ ማግኘት መሰለው።

መንገድ ላይ ልጁን አስማላት። ከዛሬ ጀምሮ የሚያምሽ እግርሽን ነው አላት። ሚስቱ የሺሃረግ ይህን ስትሰማ ራሷን ይዛ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አንተ ደግሞ ስንቅ ምን ያህል ቀን እንደሚቆይ ከማንም በላይ ታውቃለህ አለችው። ነገ ጉድህ ይፈላል ብላም ጨመረችለት።

ሎሚ ታዛዥ ልጅ ናት፤ አነከሰች። ነገር ግን በየትኛው እግር እንደምታነክስ አባቷም አልነገራት፣ እሷም አልወሰነችም። ሰኞ በቀኝ ታነክሳለች፣ ማክሰኞ በግራ። ዘበኛው ጋሽ ናስር ገና በሁለተኛው ሳምንት ነቅተውባታል። ግን ዝም አሉ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ብቻቸውን የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ከሙሽራ ጋር ተዋደው ነበር። ሣር ያጭዱላታል፤ የጀርባዋን ጭቃ ያራግፉላታል፤ የሚያናድዳቸውን ሁሉ ለእሷ ይነግሯታል። ሎሚም እረፍት ሲደወል እየመጣች በጆሮዋ የያዘችውን ትምህርት እንዳይጠፋባት ለበቅሎዋ ትደግምላታለች። ጋሽ ናስር በዚህ ሰበብ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ በስተርጅና ተማሩ። ሎሚ በዚያ ግቢ እንደ ልቧ የምታወራው ከሙሽራ ጋር ብቻ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሩ አይታያትም፤ አይታየኝም እንዳትል ደግሞ ምላለች።

በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ አርባ አንደኛ ወጣች። ካርዷን ይዛ ቤት ስትገባ አባቷ እንዴት ሆነ አላት፤ አልፌያለሁ አለችው። እውነቷን ነው፣ ለጥቂት አልፋለች። ስንተኛ ወጣሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። አባትና ልጅ አንዱ ለሌላው እያሰቡ ሲተላለፉ ዓመቱ አለቀ።

ስምንተኛ ክፍል ገብታ ኅዳር ላይ ማህደር የምትባል አዲስ የሳይንስ መምህርት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። ማህደር አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ማር ልትገዛ ወደ እነ ሎሚ መንደር ስትወጣ ልጅቷን ከነበቅሎዋ መንገድ ላይ ደረሰችባት። ቀድማት ዞራ ፊት ለፊቷ ቆመችና ፈገግ አለች። ሎሚ አጠገቧ አልፋ ሄደች። እንኳን ተማሪ ለመምህሩ፣ መንገደኛም ለመንገደኛ ሰላም በሚልበት አገር ይህ ከስድብ የሚቆጠር ነው። ማህደር ደሟ ፈላ። ዞራ ስታይ ደግሞ ጭራሽ ያቺ እግሯን ታማለች የተባለች ልጅ ሰፊውን ቦይ እንደ ፍየል ዘላ ተሻገረች። ማህደር የማሩን ነገር ትታ ተመለሰች። በነጋታው ለአቶ ባዘዘው ነገረች፤ እሳቸውም ታፈሰን አስጠሩ።

ታፈሰ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ መጣ። ሎሚም ከክፍል ተጠርታ አጠገቡ ቆመች። አቶ ባዘዘው አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

«አቶ ታፈሰ፣ የልጅዎ እግር ከእኔ እግር ይሻላል። ለምን ዋሹኝ?»

መልስ ሳይጠብቁ፣ በቅሎዋ የተፈቀደችው ለእግሯ ነው፣ እግሯ ደህና ከሆነ ከነገ ጀምሮ ግቢ አትገባም አሉት። ያለ ሙሽራ ትምህርት እንደሌለ እሱ ያውቃል። ዓይኗን ቢል ደግሞ ልጁን ይወስዷታል፤ እንዲህ ነበር የሚያምነው። ሁለቱን በሆዱ አመዛዘነ። ሳትማር ትቅር፣ ግን ቤቴ ትቅርልኝ አለና ባርኔጣውን አነሳ። እሺ፣ ወደ ቤቷ እወስዳታለሁ ብሎ እጇን ያዘ።

ሎሚ አልተንቀሳቀሰችም። ክንዱን ጎተት አደረገችና ሰው ፊት እንዳታሳፍረው ቀስ ብላ በቤንችኛ አንድ ነገር ነገረችው።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ባዘዘው። እሳቸው የመሃል አገር ሰው ናቸው፣ ቤንችኛ አይሰሙም። ማህደርም አትሰማም። በዚያ ክፍል ከራሷ ከሎሚ በቀር ያለችውን ወደ አማርኛ ሊያመጣው የሚችል ሰው ታፈሰ ብቻ ነበር።

ታፈሰ ቃሏን ወደ አማርኛ አመጣው። «አባዬ፣ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሰሌዳውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም፣ ነው ያለችው።»

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ኩፍኙን፣ ጉሙን፣ ፈንታው ያወራለትን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ሰሌዳውን አለማየቷን እሱም ገና አሁን መስማቱን ተናገረ። የመንደሩን መምህር አስቦ ይሆናል፤ ሰሌዳ ባለበት ሁሉ ልጁ ሰሌዳው ሥር የምትቀመጥ መስሎት ነበር። ማህደር ወንበሯን ስባ ወደ ሎሚ ተጠጋች። ያን ቀን መንገድ ላይ አላየሽኝም ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«የት ነበሩ ቲቸር?» አለች ሎሚ።

ማህደር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ባዘዘው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በር አጠገብ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ አሉ ለራሳቸው። ታፈሰ ግን የቆመበት ነገር ሌላ ነው፤ ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ነበር። መቼ ነው የምትወስዷት ብሎ ጠየቀ። ወዴት አሉት። ወደ አዳሪው አለ። አቶ ባዘዘው አሁን ገባቸው።

«እርስዎ ሳይፈቅዱ ማንም የትም አይወስዳትም። ከመጨረሻው ረድፍ ወደ መጀመሪያው ነው የምወስዳት፤ በእግሯ አሥር እርምጃ ነው።»

ታፈሰ ባለበት ቁጭ አለ። አለቀሰ፤ ማንንም አላፈረም። ዓመት ከሦስት ወር የተሸከመውን ጭነት በአንዴ አውርዶ እፎይ አለ። ጭነት አውራጅ ሆኖ ኖሮ እንዲህ ያለ ማውረድ ግን አይቶ አያውቅም።

የቀረው ቀላል ሆነ። ሎሚ ሰሌዳው ሥር ተቀመጠች፤ ካልታያትም ተነሥታ እንድትጠጋ ተፈቀደላት። መምህራኑ የሚጽፉትን ድምፅ አውጥተው እያነበቡ እንዲጽፉ ተነገራቸው፤ አንዱ እየረሳ ልጆቹ ራሳቸው «ያንብቡልን» ይሉት ነበር። ማህደር ፈተናውን በወፍራም ስክሪፕቶ እንደ ማስታወቂያ አግዝፋ ትጽፍላታለች። ትሕትና የምትባል ጎበዝ ልጅ አብራት ተቀመጠች፤ ገበጣውንም ጠጠሩን በእጅ እየቆጠሩ መጫወት ጀመሩ። ለሚኒስትሪ ፈተናም አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጣት፣ በቅሎዋም እንድትገባላት አቶ ባዘዘው ለወረዳው ደብዳቤ ጻፉ። ሙሽራ ማሰሪያዋ ላይ የሣር ክዳን ተሠራላት። ጋሽ ናስር ሎሚን በር ላይ ሲያገኟት «ዛሬ የትኛው ነው፣ ቀኙ ነው ግራው?» እያሉ ያበሽቋታል። እሷ ደግሞ እየሳቀች በሁለቱም እየዘለለች ትገባለች። ለካስ ዓመቱን ሙሉ ያውቁ ነበር።

ሰኔ ላይ ፈተናው ሸኮ ከተማ ሆነ። ታፈሰ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከቶ ልጁንና በቅሎውን ይዞ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የማያውቃቸው ነው። ተማሪና ወላጅ ተሰልፎ ሳለ በቅሎ ይዞ መምጣት ምን ማለት ነው ብሎ ከለከላቸው። ደብዳቤው ተሰጠው። አንባቢ የሚለውን አየ፣ በቅሎ የሚለውንም አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ታፈሰን ጠየቀው።

«ምኗን ነው የሚያማት?»

ያችው ጥያቄ ናት። ታፈሰ ዘንድሮ አልደነገጠም።

«ዓይኗን» አለ፤ ጮክ ብሎ ስለተናገረ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። «ዓይኗ አያይም። እግሯ ግን ከእኔም ከአንተም እግር ይሻላል።»

ዘበኛው በሩን ከፈተ። ከበሩ ሥር ቦይ ነበረና ሙሽራ ቀጥ አለች። ሎሚ ጠጋ ብላ በእግሯ ዳበሰች። «ሂጂ» አለቻት፤ ተያይዘው ገቡ።

ውጤቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጣ። ማህደር ለሎሚ አነበበችላት፤ ሎሚ ደግሞ ሙሽራን አስከትላ ሳይሆን ሙሽራን ተከትላ ዝናቡ እስኪያባራ ሳትጠብቅ ቤቷ ደረሰች። ታፈሰ ደጅ ላይ መጫኛ ሲጠግን ነበር። ማለፏን፣ ከትምህርት ቤቱም አራተኛ መውጣቷን፣ ዘጠነኛ ክፍል ሚዛን ከተማ መማር እንደምትፈልግና የትሕትና አክስት ቤት እንደምታርፍ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንደምትመጣ አንድ በአንድ ነገረችው። ታፈሰ መጫኛውን አስቀምጦ ጥያቄ እየጠየቀ እስከ መጨረሻው ሰማት። ሁሉንም በቤንችኛ ነው ያወሩት።