ባና የለበሰችው እንሽላሊት

አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ የሑሴንን ካውያ ቤት የማያውቅ ቢኖር ሸሚዙን ጨምድዶ የሚለብስ ሰው ብቻ ነው። ሑሴን የወሎ ልጅ ነው። ገና ጢሙን ሳያበቅል አስመራ ገብቶ፣ ከሰል በሚጎርስ ከባድ ካውያ የከተማውን ሱሪ ሁሉ ሲተኩስ ጎልምሷል። የኤርትራ ነጻነት ሲመጣ አብረውት ሻሂ የሚጠጡት የአገሩ ልጆች ዕቃቸውን ሸክፈው ተራ በተራ ሄዱ። እሱን ግን አከራዩ አደይ ጸሃይ፣ "አንተ ከሄድክ የእኔን ነጠላ ማን ሊተኩስልኝ ነው?" አሉትና ቀረ። ቀረ እንጂ፣ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የሚያወራው ሰው አልነበረውም።

ይህ ሰው በዓለም ላይ አንድ ጠላት ነበረው፤ ዝንብ። ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ፣ አሳምሮ ሲሰቅል፣ ዝንብ ትመጣና አንገትጌው ላይ ጥቁር ነጥቧን ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ያኔ ሑሴንን ማየት ነው! እሷን በፎጣ አባርራለሁ ብሎ የተሰቀለውን ሁሉ መሬት ያወርደዋል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ከምጽዋ አስመራ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና የሚነዳው ደንበኛው ተወልደ፣ ምጽዋ ያሳጠበውን ልብስ በከረጢት አምጥቶ ሰጠው። ሑሴን ሸሚዞቹን ሲያራግፍ አንዲት ነገር ከእጅጌ ውስጥ ወጥታ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለች። የቆላ እንሽላሊት ናት፣ ያቺ ጣራ ላይ ተገልብጣ የምትሄደዋ። ሑሴን ጫማውን አወለቀ። ሊመታት እጁን ሲያነሳ ቀደመችው፤ መስኮቱ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ላፍ አድርጋ ዋጠቻት። ሑሴን ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

"አብሽሪ" አላት፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሸሪኬ ነሽ።" ስሟም ሸሪኬ ሆኖ ቀረ።

አደይ ጸሃይ ይህን ሲሰሙ፣ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ ያገሩ ሰው" ብለው ሳቁበት። ይሳቁ። እሱ ማታ በሩን ሲዘጋ የቀኑን ወሬ የሚነግራት አግኝቷል። እሷ ከቆላ፣ እሱ ከወሎ፣ ሁለቱም ለአስመራ መጤ ናቸው፤ ምኑ ያስቃል?

ጥር ገባ። የአስመራ ጥር ቀን ፀሐዩን ያሳይህና ማታ ብርዱን ይለቅብሃል። ሸሪኬ ፈዘዘች። ዝንብ አፍንጫዋ ሥር ቢያልፍ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። ሑሴን ከአሮጌ መስኮት መስታወት ፈልጎ፣ ከሳንቃ ሣጥን ጋር ገጥሞ ቤት ሠራላት። ከዚያም ከደሴ ሲወጣ እናቱ ያስያዙትን የበግ ጠጉር ባና አምጥቶ ሣጥኑን ጠቀለለው። አልተሻላትም። ጋቢ ደረበ። ባሰባት። ደግ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ከልቡ ነውና፣ ቀን እንኳ ሳይገልጥላት ሲደርብ፣ ሲደርብ፣ ሣጥኑ አራስ መሰለ።

ተወልደ ሸሚዙን ሊወስድ ብቅ ሲል ሑሴን ሁሉንም ገልጦ አሳየው። እንሽላሊቷ ደርቃለች። በጣት ሲነኳት ብቻ አንድ እግሯን በስንት መከራ ታነሳለች።

ተወልደ ባናውን ዳሰሰና ሳቁ አመለጠው። "ኣታ ሑሴን፣ ምጽዋ በረዶ የሚሸጡት ሰዎች በረዶውን በምን እንደሚጠቀልሉት ታውቃለህ? በጆንያ ነው። እንዳይሞቅ ብለው።"

"እና?"

"እናማ ባና ስትለብስ የሚያሞቅህ የራስህ ገላ ነው። ባናው ያንን ይይዝልሃል እንጂ ከየት ያመጣል? የእሷ ገላ ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ካገኘ ይሞቃል፣ ካጣ ይቀዘቅዛል። አንተ ብርዷን ነው ጠቅልለህ ያስቀመጥክላት።"

ሑሴን ክው አለ። ለካ በገዛ እጁ ሲያቀዘቅዛት ከርሟል።

"ነገ ጠዋት ወደ ምጽዋ እወርዳለሁ" አለ ተወልደ፣ አሁን ሳቁን ትቶ። "ስጠኝና እዚያ ልልቀቃት። እዚህ ትሞትብሃለች፣ ሓወይ።"

ሑሴን ሣጥኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ሁሉም ሄዷል፤ አሁን እሷም ልትሄድ ነው። "ጠዋትም እንዲህ ከሆነች ውሰዳት" አለ በመጨረሻ።

ተወልደ ከወጣ በኋላ ሑሴን ወደ ሥራው ተመለሰ። ካውያውን ከጡቡ ላይ ሲያነሳ እጁ ጡቡን ነካና ፈጥኖ ሳበው። ካውያው ቀኑን ሙሉ ሲያርፍበት የዋለ ጡብ እንዴት አይፋጅ? ሑሴን ቆም ብሎ አየው። እሳት አጠገቡ እያለ እሱ ባና ሲደርብ መክረሙ! ጡቡ በረድ እስኪልና እጅ እስኪያስቀምጥ ጠበቀ፤ በጨርቅ ጠቀለለና ከሣጥኑ በአንደኛው ጥግ አኖረው፤ ከበዛባት ወደ ሌላው ጥግ ትሸሽ ብሎ። ከዚያ ባናውንና ጋቢውን ከላይ ደረበ። አሁን ባናው የሚይዘው ሙቀት አገኘ። ሑሴን ራሱ ካፖርቱን ለብሶ ተኛ፣ መተኛት ከተባለ።

ጠዋት የትሬንታ ኳትሮው ጡሩምባ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ተወልደ ቀዳዳ የበሳሳለትን ካርቶን ይዞ ገባ። ሑሴን ቢስሚላሂ ብሎ ባናውን ገለጠ። ሸሪኬ ጡቡ ላይ ተለጥፋለች። አየችውና ምላሷን አውጥታ የገዛ ዓይኗን ላሰች። መስታወቱን ሲያነሳላት ክንዱ ላይ ሮጣ፣ ትከሻውን ተሻግራ፣ ግድግዳው ላይ ወጣች።

"እወ" አለ ተወልደ ካርቶኑን እያጠፈ። "ይህቺስ አስመሪና ሆናለች። ብቻዬን ልውረድ።"

ሑሴን ሊስቅ ሲል አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው። ዞር ሲል አደይ ጸሃይ የሟች ባላቸውን ወፍራም ብርድ ልብስ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሌሊቱን ስታስል በግድግዳው ሰማሁህ" አሉት ተቆጥተው። "የእናትህን ባና ለእንሽላሊት አልብሰህ አንተ በካፖርት ታድራለህ? በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት? እኔ የለሁም?"

"ኧረ አያስፈልግም፣ አደይ፣ ወላሂ..."

"ዝም በል፣ ወደይ" ብለው ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣሉበት። ጫፍና ጫፉንም ደረቱ ላይ ገጠሙለት።

ተወልደ ከበሩ መለስ ብሎ፣ "ሑሴን፣ ትናንት የነገርኩህን እንዳትረሳ። ብርድ ልብስ ራሱ ሙቀት የለውም" አለው።

"የለም፣ ተወልደ" አለ ሑሴን አፍንጫውን እየጠረገ። "ይሄኛው አለው።"