የዓርብ ዋስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ መጠርጠር ከብዶኝ አያውቅም፤ አማካሪው ቡሬ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታችን የመጣ ዕለት ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጠርጥሬው ነበር። ገና ስማችንን ሳያውቅ እንደ ዘመድ ይስቅልን ነበር። ዳይሬክተራችን «የትምህርት ቤቱን አሠራር አይቶ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ነው» ብሎ አስተዋወቀን። ማን እንደላከው ስጠይቅ «ፕሮጀክት» አለኝ። ፕሮጀክት የሚባል ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጭራሽ ባሰብኝ። በፊቱ አንቱ እያልሁ አነጋግሬዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን ቀንሼበታለሁ።

ያስፈራኝ የዓርብ ነገር ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት በእግራቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ደንቡ ዓርብም እንደ ሌላው ቀን እስከ ዘጠኝ ተኩል ተማሩ ይላል። እስከዚያ ከቆዩ ሩቅ ያሉት የሚደርሱት ጨልሞ ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ እንኳን ሴት ልጅ ጎልማሳውም ጨለማ አምኖ አይሄድም። ስለዚህ ማንም ስብሰባ ሳይጠራበት፣ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞራል። ልጆቹ ይወጣሉ። እኛም ከሰዓት በኋላ ለከተማ ልጆች ክለሳ እናስተምራለን። ዳይሬክተሩ ያውቃል። ሁላችንም የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን እንኖር ነበር።

ከነዚህ ልጆች አንዷ እኔ የክፍል ኃላፊ የሆንሁባት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤታቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። አባቷ መስከረም ላይ ሊያስመዘግቧት ሲመጡ፣ «ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤቴ ከገባች ትማር። አንድ ዓርብ የመሸባት እንደሆነ ግን በዚያው ቀረች» ብለውኝ ነበር። ቀልደኛ ሰው አይደሉም።

አማካሪው ሳምንቱን ሰነበተ። ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ከእኛ ጋር በመምህራን ማረፊያ ሽሮ ይበላል። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ሲል ያ ቀኑን ሙሉ ምሬት የማይለየው ማረፊያ ጸጥ ይላል። «ምንም ችግር የለም፤ ተመስገን» ይላል አንዱ። ለማያውቁት ሰው ገመና አይገለጥማ!

የስም መጥሪያ መዝገባችንን አይቶ «ዓርብ ከሰዓት ተማሪ ለምን ያንሳል?» ሲለን ሁሉም የመጣለትን መለሰ። የጂኦግራፊው መምህር «ገበያ ነው» አለ። የታሪኩ መምህር «ጾም ነዋ» አለ። እኔ «ዝናብ ይሆናል» አልሁ። ወሩ ጥር ነበር።

«በጥር?» አለኝ።

«የቡሬ ሰማይ አይታመንም» አልሁት።

እሱም ዓርብ ከሰዓትን ራሱ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ይኼኔ ዳይሬክተራችን ተሸበረ። ዓርብ ጠዋት «እንግዳው ባዶ ክፍል አይቶ አይሄድም! ዛሬ አንድም ተማሪ እንዳይወጣ» ብሎ በሩን አስቆለፈ። «ያችን ልጅ እንኳ ልቀቃት» ብዬ ለመንሁት። አንዷን ከለቀቀ ሌላውን መያዝ እንደማይችል ነገረኝ። ውሸት አልነበረም፤ ቢሆንም ልመታው ዳድቶኝ ነበር።

ያን ዕለት ክፍሉ ጢም አለ። ልጆቹ ሰሌዳውን ትተው በመስኮቱ ፀሐይዋን ያያሉ። አማካሪው ከኋላ ተቀምጦ፣ «የታለ ታዲያ የዓርብ ችግር?» በሚል ፊት ይስቃል። ደወል ሲደወል ልጅቱ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ሮጠች።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። አብራት የምትከራየው ጓደኛዋ ነገሩን አጫወተችኝ። አባቷ ሲመሽባቸው ዱላቸውን ይዘው ሊፈልጓት ወጥተዋል፤ ወንዙ ዳር አግኝተዋታል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። «በቃ» ብቻ ነው ያሉት።

አማካሪው ሻንጣውን ሲያስጭን ደረስሁበት። ስለ በሩ፣ ስለ ስንቁ፣ ስለ ልጅቱ አንድ በአንድ ነገርሁት። ቁጣዬን አልደበቅሁም።

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ማን እንደሆኑ መች ነገሩን?»

መንገዱ በፍኖተ ሰላም በኩል ስለሆነ አብረን ሄደን አባትየውን እናነጋግር አለኝ። ይኼንንም ጠረጠርሁት። ለሪፖርቱ ማጣፈጫ ገበሬ ፈልጎ ይሆናል ብዬ። ግን ሄድሁ።

አባትየው በክብር ተቀበሉን፤ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡን። አማካሪው ንግግር ያውቅበታል። ልጅቱ ጎበዝ መሆኗን፣ መንግሥትም አገርም እንደሚፈልጋት፣ የገጠር ልጆች ዓርብ ስድስት ሰዓት እንዲለቀቁ ጽፎ እንደሚመክር አስረዳ። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው እስኪጨርስ ሰሙት።

«መልካም ተናገሩ፤ አፍዎ ይባረክ» አሉ። «እንግዲህ ዋስ ይሆኑኛል?»

በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ የሰው ደጅ የረገጠ ቃሉን ጥሎ አይሄድም። ወይ ራሱ ዋስ ይሆናል፣ ወይ ዋስ ይጠራል። አማካሪው ይኼን ያወቀ አልመሰለኝም።

«እኔ እኮ የማማክር ብቻ ነኝ፣ አባቴ። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው» አለ።

«ባይወስኑስ ጌታዬ? ልጄ ቢመሽባት ማን ዘንድ ሄጄ ልጩህ?»

ያ ሳምንቱን ሙሉ ያልተለየው ፈገግታ ሲጠፋ ያን ጊዜ ገና አየሁ፤ ትንሽም አሳዘነኝ። ይኼ ሰው በሄደበት ሁሉ ምክሩን ሰጥቶ፣ የመከረው ምን እንደደረሰ ሳያይ የሚሄድ ሰው ነው። ልጅቱ ከጓዳው በር ቆማ ነበር። አታለቅስም፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ።

አባትየው ዞረው አዩኝ። «በምን ይዋሳሉ፣ መምህርት?»

«በራሴ። ዓርብ ስድስት ሰዓት በሩ ቢዘጋም ይዣት እወጣለሁ። ከመሸባት እኔ ቤት መጥተው ይጩሁ።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወደ አማካሪው ዘወር አሉና፣ «እንግዲያው እርስዎ ምስክር ይሁኑ። እሱስ አይከብድዎትም?» አሉት። አይከብደኝም አለ፤ ድምፁ ግን ወረድ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ልጅቱ ወንበሯ ላይ ነበረች። የአማካሪው ሪፖርት እስካሁን አልመጣም። ጽፎት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳላይ አላምንም። ዘበኛው እንደ ድሮው ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን ያዞራል። እኔ ፊቴን ማዞር ቀርቶብኛል። እስከ ከተማው ዳርቻ እሸኛታለሁ፤ «ይብቃዎት ቲቸር፣ ይመለሱ» ትለኛለች፤ ባሕር ዛፉን እስክታልፍ ቆሜ አያታለሁ።

ባለፈው ሰሞን ዳይሬክተሩ ወደ ማረፊያው ገብቶ ሌላ አማካሪ ሊመጣ መሆኑን ነገረን። ሁሉም አጉረመረመ።

«እስከ ዓርብ ይቆያል?» አልሁት።

«ይቆያል መሰለኝ።»

«በሩን የምታስቆልፍ ከሆነ እኔንና ልጅቱን ከውጭ አድርገህ አስቆልፍ» አልሁት።