ላሊያ ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠች ዕለት

ወንድሜ አዱኮ ላሊያን ከናንዶም አግብቶ ያመጣት ዕለት አጎታችን በትሩን በግቢው በር ላይ አግድሞ ጠበቃት።

«ዳጋባ ናት አሉ» አለ። «ሳትፈተሽ አትገባም። ስትወጣም ትፈተሻለች፤ የውሻችንን ጭንቅላት ይዛብን ትሄዳለች።»

ሻንጣዋ ገና ከራሷ ላይ አልወረደም። አየት አደረገችውና፣ «እናንተ ፍራፍራዎች ጭንቅላቱን መች ለሰው ታስተርፋላችሁ? ጅራቱንም የበላኸው አንተ ነህ፤ ከንፈርህ ላይ ፀጉር ይታየኛል» አለችው። አጎታችን እየሳቀ በትሩን አነሳ። እሷም ገባች።

እኛ ፍራፍራዎችና ዳጋባዎች ሁለት ጎሳዎች ሆነን የቀልድ ዘመዳሞች ነን። መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም፤ የውሻ ጭንቅላት በላችሁ እየተባባልን እንሰዳደባለን። አንዱ ሌላውን ቢሰድብ ቂም የለም፤ የተቀየመ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ልቅሶ ቤት እንኳ ዳጋባው ሬሳ የሚወጣበት በር ላይ ይቀመጥና ካልከፈላችሁኝ አያልፍም ይላል። ሳንቲም ወይም አንድ ቅል ፒቶ፣ የማሽላ ጠላችንን፣ ሲሰጡት ይነሳል። ሐዘንተኛውም ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

በመንደራችን በዩምቢሲ ዳጋባ ላሊያ ብቻ ስለነበረች ይህ ሥራ ሁሉ በእሷ ላይ ወደቀ። ሰው ተፈጥሮዋ ይመስለው ነበር። ባሌ ሞቶ ወደ አባቴ ግቢ ከተመለስኩ ጀምሮ ከእሷ ጋር የኖርኩት እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ዝምተኛ ሴት ናት። የሆነ ቤት ሰው ሲሞት ቅባት የምናወጣበትን የሺያ ፍሬ እየለቀመች ነገ ምን እንደምትል በልቧ ስታዘጋጅ አያታለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ለብቻዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ያኛው ቀልድ አልጣማትም ማለት ነው። ሰው ከሐዘኑ ለአፍታ እንዲያርፍ ታደርግ ነበር፤ ሥራም አድርጋ ይዛው ነበር።

መንደራችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በዚያኛው ማዶ ገበያው፣ ናባ የምንለው የአለቃችን ግቢና ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ አሉ። በዚህኛው እኛ አለን። በበጋ ወንዙ አሸዋ ነው፤ ዶሮ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ግንድ እየነቀለ ይወርዳል።

የላሊያ ልጅ አቲፖካ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኛ የመጣችው በክረምቱ አጋማሽ ነበር። ምጡ ጠናባት። በአህያ ጋሪ ወንዙ ዳር አደረስናት፤ ወንዙ ሞልቷል። ወንዶቹ ከውሃው ጫፍ እንጨት ተክለው ጎደለ፣ አልጎደለም ይላሉ። ላሊያ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ትዳብሳለች። ውሃው መጉደሉስ አልቀረም። ያኔ ግን አቲፖካ አልነበረችም፤ ሕፃኑም።

በዚያ ልቅሶ በር ላይ የተቀመጠ ቀልደኛ አልነበረም። የምትቀመጠው ሐዘንተኛ ሆና ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ላሊያ ስለዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ወደ ልቅሶ ቤት መሄዷን ግን ከዓመት በኋላ ቀጠለች። ሰዎቹ ይጠብቁኛል አለች።

የወረዳው ጤና ቢሮ ሰዎች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነርስ አብሯችሁ የሚኖርበት ጤና ኬላ ይሠራል አሉ፤ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከእኛ፣ ቦታውና ጉልበቱ ከእናንተ፤ የት እንደሚሆን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ዕቅዱን የያዘችው ማዳም ድዚፋ የምትባል ከአገራችን ደቡብ የመጣች ሴት ነበረች። ቋንቋችንን እየሰባበረች ትናገራለች፤ ግን ጠይቃ መልሱን ሳትሰማ ዓይኗን የማትነቅል ሰው ናት።

ስብሰባው ከናባው ግቢ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ሆነ። ናባ አኮልቢላ ንግግሯን እንኳ አላስጨረሳትም። «ከገበያው አጠገብ ያለው መሬቴ የእናንተ ነው፤ ሰጥቻለሁ» አለ። የመሬቱን መሥዋዕት የሚያቀርበው የምድሩ ሽማግሌም ወዲያው ዶሮ አርዶ ደሙን መሬቱ ላይ አፈሰሰ። ማዳም ድዚፋ ወደ እኛ ዞራ፣ «ከወንዙ ወዲያ ያላችሁት፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለች። ዝም አልን። ደግማ ጠየቀች። ከእኛ በኩል አንድ ሽማግሌ ተነስቶ፣ «ናባ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ብሎ ተቀመጠ።

የእኛ ሰው የተሰጠውን ነገር በሰጪው ፊት አይመልስም። ተቀብሎ ቤቱ ይገባና እዚያ ያጉረመርማል። ያን ቀንም ገና አሸዋውን ስንሻገር ማጉረምረም ጀመርን።

«ክረምት ሲመጣ ማን ሊደርስበት ነው?» አለ አዱኮ።

«ለምን እዚያው አልተናገርክም?» አለችው ላሊያ።

«ናባው መሬት ሰጥቶ፣ ዶሮ ታርዶ፣ እኔ ተነስቼ አይሆንም ልበል? አንቺ በያ።»

«እሺ» አለች።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ፊቷን አይቼ አልሳቅኩም።

በሳምንቱ ከተማ ሄድን፣ እኔና እሷ። ማዳም ድዚፋ ከቢሮ ወንበሯ ተነስታ አስቀመጠችን። ላሊያ በአጭሩ ነገረቻት። ሴትዮዋም፣ «እማዬ፣ እኔም ወንዙን ሳይ አስቤው ነበር» አለች። «ነገር ግን እዚህ ሆኜ ብለውጠው የወሰንኩት እኔ ነኝ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ናባውም ይቀየማል፤ ነርሷም በተቀየመ መንደር አትኖርም። መሠረቱ የሚለካ ዕለት እመጣለሁ። ያን ዕለት በሰው ፊት የተባለውን እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይቆፈራል።»

ስንመለስ አዱኮ ፈራ። «አንቺ ሰው፣ ቀልድሽን እንደምታውቂው እኔም አውቃለሁ። ይህ ግን ቀልድ አይደለም። ናባው ፊት ብታለቅሺ ልጄን የገደላት መሬትህ ነው እንዳልሽው ነው የሚቆጠረው። ያኔ ክስ ነው። ክስ ደግሞ ከሚስት አፍ በሽማግሎች ፊት አይሰማም።»

«አላለቅስም» አለች።

«ካለቀስሽ ግን?»

«አላለቅስም አልኩህ።»

ሺያ ስንለቅም የምትለውን እንድትለማመድ እኔ ናባው ሆንኩላት። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ነፋሁ። ስትሰድበኝ መለስኩላት፤ ስሰድባት መለሰችልኝ፤ መልካም ሄደ። «ውሃው» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን አቋረጠች። ደግመን ጀመርን። እንደገና እዚያው ላይ ቆመች።

«እንግዲህ ይቅርብሽ» አልኳት፣ ሆን ብዬ ላናድዳት። «ዳጋባ እንዲህ ናት፤ ጀምራ የምትጨርሰው ምግብ ብቻ ነው።»

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለችኝ። እስኪመሽ ናባ ሆኜ ዋልኩ።

የመለኪያው ዕለት የሲሚንቶው ከረጢት ገበያው ዳር ተከምሯል። የሁለቱም ማዶ ሰው ተሰብስቧል። ናባ አኮልቢላ ወንበሩ ላይ፣ ማዳም ድዚፋ ከጎኑ ናቸው። ሰዎቹ ገመድ ወጥረው ካስማ ሊተክሉ ሲሉ ላሊያ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ሄደችና ክምሩ ላይ ተቀመጠች። እግሯን አነባበረች።

የናባው ቃል አቀባይ ቀረብ ብሎ፣ «ሴትዮ፣ ውረጂ፤ ከረጢቱ ይቀደዳል» አላት።

«ውሻ የበላ አፍ አያዘኝም። ሂድና ጌታህን ጥራ።»

ሰው ሳቅ ጀመረ። ናባው እያወቃት፣ «ማን ናት እሷ?» አለ።

«ዳጋባዋ ናት፣ ናባ።»

«ምነው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ? ፒቶ ስጧትና ትነሳ።»

ፒቶ መጣ። ቅሉን ተቀብላ ጠጣችና መለሰችው። «ጎምዝዟል፤ እንዳንተው ነው» አለችው። ሁላችንም እርስዎ የምንለውን ሰው አንተ የምትለው እሷ ብቻ ናት፤ ለእሷ ተፈቅዷል። የኮላ ፍሬ ሰጧት፤ አኘከች። ሳንቲም ሰጧት፤ አጠገቧ ላለች አሮጊት አቀበለች። አልተነሳችም።

«ታዲያ ምን ብትከፈይ ነው የምትነሺው?» አለ ናባው።

«ቤቱን። ይህ ልትሠሩት ያላችሁት ቤት የኔ ነው። ወደ ማዶ እወስደዋለሁ።»

«ዳጋባ ደግሞ መቼ ነው ቤት ያወቀው? ቤት መሥራት ከእኛ አይደለም ወይ የተማራችሁት?»

«አዎ፣ ከእናንተ ነው የተማርነው። ለዚህ ነው ቤታችን ሁሉ የሚያፈሰው።»

ሳቁ ከገበያው ጥግ እስከ ጥግ ሆነ። ናባውም ሳቀ። እሷ ቀጠለች። «አንተ በዚህ ማዶ መንገድ አለህ፤ መኪና ያልፍልሃል። ሲያምህ ከተማ ትደርሳለህ። በዚህ ላይ ጤና ኬላም በደጅህ? አንድ ሰው አይደለህም እንዴ? ለነገሩ ሆድህ የሁለት ሰው ነው።»

ስለ ናባው ሆድ ሰው ሁሉ የሚያወራው በየቤቱ ነው። በአደባባይ ሲነገር ሽማግሎቹ ሳቃቸውን በልብሳቸው ሸፈኑ። ናባ አኮልቢላ ከሳቅ የመጣ እንባውን እየጠረገ፣ «ወንዝ እኮ ሞልቶ አይቀርም» አለ። «ይሞላል፣ ይጎድላል። የጠበቀ ሰው ይሻገራል።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው መሰለኝ፤ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እኔ ዓይኔን ከላሊያ ላይ አልነቀልኩም። እጆቿ የከረጢቱን ጫፍ ጨበጡ። የተለማመድነው ይህን አልነበረም። እንዲህ ይላል ብለን አላሰብንም።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ መለሰችው። «በመጠበቅ እኛን ማን ይችለናል? እንጨት ተክለን ነው የምንጠብቀው። ጥፋቱ የወንዛችሁ ነው። ፍራፍራ ነዋ፣ ሰነፍ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ልጄ ከሄደች በኋላ ነው ውሃው የጎደለልኝ።»

ይህን ብላ ሳቀች። ሙሉ ሳቅ ነበር፤ ጥርሷ ታየ። ብቻዋን ነበር የሳቀችው።

ናባው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰው መሐል ፈለገና፣ «አዱኮ» አለ። «ይህችን ሴት ከየት ነው ያመጣሃት?»

«ከናንዶም፣ ናባ።»

«መልሳት።»

«አትሄድም፣ ናባ። ሞክሬያለሁ።»

ሰው ታፍኖ የቆየ ሳቁን ለቀቀው። ናባው ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «እንግዲህ ዘረፈችኝ» አለ ወደ ሽማግሎቹ። «የቀልድ ዘመድ የዘረፈው ሰው አይከስስም። ትውሰደው። ግን ሲሚንቶውን ራሷ ትሸከም፤ እኔ ለዳጋባ አልሸከምም።»

ማዳም ድዚፋ ጎንበስ አለች። «ናባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ቀልድ ነው ወይስ ውሳኔ? ዕቅዱ ላይ ማስፈር ይኖርብኛል።»

«ቀልድ ነው» አላት። «ጻፊው።»

ጻፈች። ከዚያም ቀና ብላ ወደ ገበያው ማዶ ሰዎች ዞረችና፣ «እናንተስ?» አለች። ያን ቀን አፍ ተፈትቶ ነበር። አንዲት ሴት ሕፃኗን እንዳዘለች፣ «እኛስ ለክትባት ክረምት ከክረምት ልንዋኝ ነው?» አለች። ላሊያ ከክምሩ ላይ ወረደች። «እሷ እውነቷን ነው» አለች፤ አሁን በቀልድ አልነበረም። ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ወንዙ ሳይሞላ ነርሷ በገበያ ቀን እየተሻገረች ገበያው ዳር እንድትሠራ፣ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ለዚያኛው ማዶ በመንገዱ በኩል ከከተማ ሰው እንዲላክ ተባለ። ማዳም ድዚፋ የመጨረሻውን ለማስፈጸም እንደምትሞክር እንጂ እንደምትችል አልማለችም። ያን በማለቷ ወደድኳት።

የምድሩ ሽማግሌ በእኛ በኩል ሌላ ዶሮ አረደ። ሲሚንቶውን የሁለቱም ማዶ ሴቶች በራሳቸው ተሸክመው አሸዋውን ተሻገሩ። የመጀመሪያውን ከረጢት የያዘችው ላሊያ ናት። አቲፖካን ይዘን የተቀመጥንበት ቦታ ስትደርስ እግሯ አልዘገየም፤ ከኋላዋ የቀረችውን ሴት፣ «ቶሎ በይ፣ አንገቴ ተሰበረ» ብላ ተቆጣች።

ቤቱ ከክረምቱ በፊት ጣሪያው ተመታ። ነርሷ የገባች ዕለት ላሊያ ምርጥ ዶሮዋን አቅፋ ወደ ናባው ግቢ ሄደች፤ ብቻዬን አትልቀቂኝ ስላለችኝ ተከተልኳት። በሩ ላይ ተንበረከከች። «ናባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይፈቅዱ ኖሮ...» ስትል እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ተነሺ» አላት በዝግታ። «ካመሰገንሽኝ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። የሰጠሁሽ እኔ ከሆንኩ ሽማግሎቹ፣ ዶሮ የታረደበትን መሬት ለምን መለስክ ይሉኛል። ለገበያው ሰዎችም መልስ የለኝም። እኔ ተዘርፌያለሁ። ስደቢኝና ሂጂ።»

ላሊያ ቆመች። ስድብ ፈለገች። ከንፈሯ እንደ ሺያው ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። እንባዋ ግን ወረደ። ናባው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቃት።

«ውሻ በላተኛ» አለች በመጨረሻ፣ እያለቀሰች።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ዶሮዋን ግን ከክንዷ ውስጥ ወሰዳት። «ይህቺን የዘረፍኩሽ እኔ ነኝ።»