ለልጄ የፈጠርኩት የስም ትርጉም

ለሴት ልጄ ስም ያወጣሁላት ከቴሌቪዥን ሰምቼ ነው። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ቢሮ ውስጥ ዜና ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። የአውሮፓ መሪዎች ተሰብስበው ሲያሳዩ አንዷን «ኡርሱላ» ብለው ሲጠሯት ሰማሁና ስሙ ደስ አለኝ።

የሚስቴ እናት ግን የእናታቸውን ስም ነበር የፈለጉት። «እትዬ፣ እሱን ፈረንጅ አይጠራውም» አልኳቸው።

«ያንተውስ ምን ማለት ነው?»

አላውቅም ማለት ከበደኝ። «ንግሥት ማለት ነው» አልኩ።

አመኑኝ። ዌስት አዳምስ ሰፈር ላሉት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ «የልጅ ልጄ ንግሥት ናት» እያሉ አወሩ።

የክርስትናዋ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፌርፋክስ ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ለምሳ ተሰበሰብን። አማቴ አጠገባቸው ለተቀመጡ ሽማግሌ ስለ ንግሥቲቱ ሲያወሩ፣ ፓሳዴና ኮሌጅ የምትማረው የሚስቴ የአክስት ልጅ ሰማች።

«ቆይ፣ ቼክ ላድርገው» ብላ ስልኳን አወጣች። የአውሮፓ መሪዎች ስም ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ የሚተርክ ጽሑፍ አግኝታ ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። «ኢማኑኤል ዕብራይስጥ ነው፣ ያው የኛው አማኑኤል። ጆርጂያ ግሪክ ነው፣ ከጊዮርጊስ ጋር አንድ፤ ገበሬ ማለት ነው። ኡርሱላ...» አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንብቢው እንጂ» አሉ አማቴ።

«ላቲን ነው። ትንሿ ድብ ማለት ነው።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ሚስቴ አልሳቀችም። ፊቴ ጋለ።

«ምኑ ያስቃል?» አሉ አማቴ። «አገራችን ስንቱ ልጁን አንበሳ ይለው የለ? ድብም ብትሆን ልጇን አታስነካም።»

ሳቁ ቆመ። እኔን ለመሸፈን እንደተናገሩ ገብቶኛል፤ እሱ ከሳቁ ይልቅ አሳፈረኝ።

ወደ ቤት ድራይቭ ሳደርግ አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ሚስቴ ከኋላ ከልጅቷ ጋር ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ትርጉሙን አላውቀውም ነበር» አልኩ።

«አላውቅም ብትለኝ እኮ ስሙን አልከለክልህም ነበር። አሁን ያን ሁሉ ጎረቤት ምን ልበለው?»

«እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ተወው» አሉኝ፤ «ይልቅ መንገድህን እይ።»