ሦስት ሲቆጠር

ተረፈ የቡኢ ነጋዴ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ጥቂት ጣሊያንኛ ይዞ ተመለሰ። ጣሊያን ቡታጅራ ሲገባ ለውኃ መሐንዲሱ አስተርጓሚ ሆነና ከዚያ ወዲያ አባቱ የሚሆኑትን ሽማግሌዎች ሁሉ «አንተ» ማለት ጀመረ።

መሐንዲሱ የሰው አገር ሊወስድ የመጣ ነው፤ ስለ እሱ ቃል አላባክንም። መቁጠር ግን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ለቀቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና «ሁለት ሰከንድ፤ ሃያ ሜትር» አለ። በገመድ ሲለካ ልክ አርባ ክንድ ሆነ። ተረፈ ወረቀቱን ዞር ብሎም አላየም። ለአንድ ሰከንድ ሃያ ክንድ፤ በቃ፣ አወቀ! በማግስቱ ገበያ መሃል ቆሞ «ምድር ለቁጥር ትታዘዛለች፣ እናንተ ግን የምትቆጥሩት በግ ብቻ ነው» ይል ጀመር።

መሐንዲሱ ለሥራ በሄደበት ሳምንት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአለት ስንጥቅ ውስጥ ውኃ መኖሩ እንዲታይ ታዘዘ። የሚወርዱት ጉድጓድ ቆፋሪው ጀማሉ ናቸው።

«ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረን እንስደድና እንለካው» አሉ።

«አንተ ቆፍር ጀማሉ፤ ማወቁን ለእኔ ተው።»

ተረፈ ድንጋይ ለቀቀ። ሰዓት ስለሌለው በአፉ ቆጠረ፤ ያውም በጣሊያንኛ፣ በአማርኛ ቢቆጥር ድንጋዩ የማይወድቅ ይመስል። «ኡኖ... ዱዌ... ትሬ!» ከታች ጓ አለ።

«ስድሳ ክንድ!»

ስድሳ ክንድ የቃጫ ገመድ ተቆረጠ። ጀማሉ ወገባቸውን ታስረው ወረዱ። ገመዱ አለቀ።

«ደርሰሃል! ገመዱን ፍታ!» ጮኸ ተረፈ።

«እግሬ አየር ላይ ነው!»

«ሒሳብ አይዋሽም! ቆመሃል እኮ! ፍታ አልኩህ!»

ጀማሉ በጨለማው ውስጥ እየተወዛወዙ አንድ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ለቀቁት። «ቢስሚላህ» ብለው ሌላ ትንፋሽ እስኪስቡ ድረስ ድምፅ አልመጣም።

«ሳቡኝ!»

መሐንዲሱ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። ድንጋይ ሲወድቅ እየፈጠነ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ሰከንድ አሥር ክንድ፣ በሁለተኛው ሠላሳ፣ በሦስተኛው አምሳ። ስንጥቁ ዘጠና ክንድ ነው አለ። ይህን ለተሰበሰበው ሰው እንዲተረጉም ታዘዘ። ተረፈ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ክንድ ሰምጧል ይላሉ።»

ጀማሉ አንድ እግራቸው ባዶ እንደሆነ ቀረብ አሉ።

«እንግዲያው ጫማዬም አብሮ ሰምጧል። ምድር ለአንተ ትታዘዛለች አይደል፣ ጌታው? ስድሳ ክንዷን ገመድ ያዝና ውረድልኝ። ስታልቅ ፍታ።»

ተረፈ አልወረደም። እስኪሞት ድረስ ግን ቡታጅራ ውስጥ ስሙ «ትሬ» ሆኖ ቀረ።