ያለ ዋስ የተቆረጠ ትኬት

እኔ ሁሪያ ነኝ፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩት የኔታ ቀለመ ወርቅ የሚካኤል ደብር መሪጌታ ናቸው። ሲያዜሙ ድምፃቸው አጥሬን አልፎ ይመጣል፤ የኔ ሃይማኖት ባይሆንም ደስ ይለኛል። ግትር ናቸው። እኔም አላንስም፣ ጎረቤትነታችን የሰመረው ለዚህ ይመስለኛል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ማስተዋል። ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ኩላሊቷ ከዳት። አንድ ቀን እየተዘለለ ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ ከማሽኑ ርቃ ወደ አገሯ መምጣት አትችልም። ሐኪሞቹ ብዙ ዕድሜ አልሰጧትም። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷን በዓይኗ ማየት።

የምትሠራላት ሴትዮ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትበር ናት። እኔ ለደንበኛዬ ክንድ ጨርቅ እንደምመርቀው፣ አየር መንገዱም ብዙ ለሚበር ሰው ማይል የሚሉትን ምራቂ ያጠራቅምለታል፤ ሲበዛ ትኬት ይቆረጥበታል። ሴትዮዋ ያላትን ማይል ለማስተዋል ሰጠቻት። «ሌላ የለኝም» አለቻት።

ማስተዋል በኔ ስልክ ደወለች፤ የየኔታ ስልክ ምስል አያሳይም።

«አባዬ፣ በማይል የሚሰጠው ወንበር ጥቂት ነው። አንዱ ከኅዳር ሚካኤል በፊት፣ አንዱ በኋላ። ደግሞ ኢንሹራንስ ልጨምርበት ወይ? ትንሽ ይከፈልበታል። በምንም ምክንያት ቢቀሩ ማይሉ ይመለስልናል፣ ሌላ ቀን እንቆርጣለን። ያለዚያ ግን ከቀሩ ቀረ ነው።»

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«እኔ።»

እሷ ከፈለች ማለት ከመድኃኒቷ ተቀነሰ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«አያስፈልግም» አሉ የኔታ። «ሚካኤል እያለልኝ ምን ሌላ ዋስ እጠራለሁ? ዋስ ጥራ የሚባለው የማይታመን ሰው ነው። ቀኑንም ከበዓሉ በኋላ አድርጊው። ማሕሌቱን ቆሜ ስላንቺ ሳልለምን ከዚህ አልነቃነቅም፤ ተስያለሁ።»

እኔ ተናደድኩ። «የኔታ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እኛም ዘንድ ግመልህን አስረህ በአላህ ተመካ ይባላል።»

«እስቴ ውስጥ ግመል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በቅሎ ይሁን። በቅሎስ ሳይታሰር ያድራል?»

ሳቁ። ማስተዋልም ስልኩ ውስጥ ሳቀች፤ ፊቷ አብጦ ሌላ ሰው መስሏል፣ ሳቋ ብቻ የድሮው ነበር። በዚያ ሳቅ ነገሩ አለቀ፤ ትኬቱ ያለ ኢንሹራንስ ተቆረጠ።

የሚካኤል ለታ የኔታ እንደዚያን ቀን አዚመው አያውቁም። ጨርቅ የሚገዛኝ ሰው ሳይቀር ዋጋ መከራከሩን ትቶ ያዳምጥ ነበር። በማግስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለልጃቸው ጠበል በላስቲክ ጀሪካን ይዘው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከባሕር ዳር ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና ግን አልነበረም። ተኩስ ተሰምቶ መንገዱ ተዘግቷል። በእግሬ እሄዳለሁ አሉ፤ ይስማው የሚባለው ተራ አስከባሪ ክንዳቸውን ይዞ ሱቄ ድረስ መለሳቸው።

አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር በተነሣበት ቀን ደጃፌ ተቀምጠው ዋሉ። ጀሪካኑን ከጉልበታቸው አላወረዱም። እኔም «ነግሬዎት አልነበር?» አላልኩም፤ ምላሴን ግን አሳክኮኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ በላይ አዘንኩላቸው።

መንገዱ ቆይቶ ተከፈተ። ትኬቱ ግን ቀኑ አልፎ ተቃጥሏል፣ ማይሉም አብሮ ሄዷል። የሚሸጥ ከብት ቢኖራቸው ይሸጡ ነበር፤ የመሪጌታ ሀብቱ ጉሮሮው ነው።

አሁን ማስተዋል እሑድ እሑድ ትደውላለች። ድምፅዋ ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል።

«አባዬ፣ መቼ ነው የሚመጡት?»

«መንገዱ ሲከፈት ነው ልጄ።»

የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በፊታችን ያልፋል። እንዳይሰማት ብዬ የሱቁን በር እዘጋለሁ።

ባለፈው እሑድ የኔታ ተነሥተው ከወጡ በኋላ ልጅቱ ስልኩን አልዘጋችም ነበር። ልቤ አልቻለም።

«ማስተዋል፣ ትኬቱ እኮ…»

«አውቃለሁ እትዬ ሁሪያ። መቃጠሉን የሚናገረው መልእክት የመጣው በኔ ስልክ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂያቸዋለሽ?»

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። «መጠየቅ ከተውኩ ቀረሁ ሊሉኝ ነው። እሱን ከአፋቸው መስማት አልችልም። እርስዎም ማወቄን እንዳይነግሩብኝ።»

ዛሬም እሑድ ነው። የኔታ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ ሳይደርስ በሩን ልዝጋ።